የነቢያት ደጅ ጥናት

ከኅዳር 15 ቀን ጀምሮ እስከ ልደት ዋዜማ ድረስ የሚጾመውን ጾም ሕዝቡ የገና ጾም ይለዋል፤ ቤተ ክርስቲያን የሰጠችው ስም ግን ጾመ ነቢያት የሚል ነው። ምሥጢሩን የሚገልጠው ይህ ሁለተኛው ስም ነው። ነቢያት የጾሙት ይመጣል የተባለውን ጌታ ሲጠብቁ ነውና። እንደ አበው አቆጣጠር ለአዳም ተስፋ ከተሰጠበት እስከ ልደት ድረስ 5,500 ዘመን ሆኗል። ኢሳይያስ ድንግል እንደምትፀንስ፥ ሚክያስም ቤተ ልሔምን በስሟ ጠርቶ ተናገሩ፤ ነገር ግን ሁለቱም የተናገሩትን በዓይናቸው ሳያዩ ሞቱ።

ይህን መጠበቅ በአገራችን ቋንቋ ለመግለጥ ደጅ ጥናት ከሚለው ቃል የሚሻል አላገኘሁም። በቀድሞው ዘመን ባላገሩ ርስቱን ሊያስመልስ፥ ወታደሩም ሹመት ሊያገኝ ስንቁን ቋጥሮ ከጌታው ደጅ ወራት፥ አንዳንዱም ዓመታት ይቀመጥ ነበር። ዛሬም ስሙ ተለወጠ እንጂ ነገሩ ከመሥሪያ ቤት በር ፈጽሞ አልጠፋም። ደጅ ጠኚ የሚያሳዝነው ስለ መቆሙ ብቻ አይደለም፤ ጉዳዩ መቼ እንደሚፈጸም የሚነግረው ሰው በማጣቱ ነው።

ስለዚህ ይህ ጾም ለሹም የተለየ ትምህርት አለበት። ሹም ዘወትር የሚጠበቅ እንጂ የሚጠብቅ አይደለም። ከ40 ለሚበልጡ ቀኖች ግን ሥጋውን፥ ቅቤውንና ወተቱን ትቶ እርሱም እንደ ሌላው ሰው ከደጅ ይቆማል። ከዚህ በኋላ ወደ ቢሮው ገብቶ፥ ከክረምት ጀምራ የምትመላለሰውን ባልቴት «ከበዓሉ በኋላ ነይ» ቢላት፥ በኑግ ዘይት የተሠራ ሽሮ መብላቱ ምን እንደ ጠቀመው አላውቅም።

በታኅሣሥ ወር ከበዓሉ በፊት የሚውሉት ሦስት እሑዶች ስብከት፥ ብርሃንና ኖላዊ ይባላሉ። በኖላዊ የሚታሰበው መልካሙ እረኛ ነው፤ እርሱም በዮሐንስ ወንጌል በምዕራፍ 10 ራሱን የበጎች በር ብሎ ይጠራል። ደጅ ሲጠና የኖረውን የሰው ልጅ ለማስገባት ጌታው ራሱ በር ሆነ ማለት ነው። ይልቁንም የሚያስደንቀው ሲወለድ እርሱ ራሱ ደጅ ጠኚ መሆኑ ነው፤ ከእንግዶች ማደሪያ ስፍራ አልተገኘለትምና በግርግም ተኛ።

የምሥራቹን በመጀመሪያ የሰሙት ሌሊት መንጋቸውን የሚጠብቁ እረኞች ናቸው። የሄሮድስ ጸሐፍት ግን ክርስቶስ ወዴት እንደሚወለድ ሲጠየቁ ከሚክያስ መጽሐፍ ጠቅሰው በትክክል መለሱ። ቤተ ልሔም ከኢየሩሳሌም ግማሽ ቀን የማይሞላ መንገድ ናት፤ ሆኖም ከእነርሱ አንዱ ስንኳ ተነሥቶ መሄዱ አልተጻፈም። መጽሐፍ የምናውቅ ሰዎች ይህን ስናነብ ልባችን ሊደነግጥ ይገባል።

አባቶቻችን ይህን ምሥጢር በሜዳ ላይ ሳይቀር አኑረውልናል፤ በገና ጨዋታ ጌታና ሎሌ በአንድ ሜዳ ዱላ ይዘው ጥንግ ይመታሉ፥ ሎሌው ቢቀልድም ጌታው አይቆጣም። ልጆች ይህ ልማድ ከእረኞቹ ደስታ የመጣ ነው ሲባል ደስ ብሏቸው ይሰማሉ፤ በምሽት ቢነገራቸው መልካም ነው።

ከስብከት እሑድ እስከ በዓሉ ከሁለት ሳምንት የሚበልጥ ጊዜ አለ። በጠረጴዛ ላይ የተከመረውን መዝገብ ገልጦ ለባለጉዳዮቹ ቁርጡን ለመንገር ይበቃል።