የበጉን ጎድን ከአዋዜው አውጡልን!

ቆይ ግን፣ በጉ ምን በደለ? ሜኑው ላይ «ላምብ ቾፕ» ተብሎ ይጻፋል፤ ዋጋውም እንግሊዝኛ ይናገራል። ሳህኑ ሲመጣ አዋዜ፣ ሰናፍጭ፣ የጥብስ ቅጠል፣ ነጭ ሽንኩርት! ሥጋውን ፈልጎ ማግኘት የበላተኛው ዕዳ ነው። ሲገኝም ደርቋል። የበሬውን ብርንዶ በጥሬው የምንቆርጥ ሰዎች የበግ ጎድን ላይ ስንደርስ እስኪከስል ካልጠበስነው አናምነውም።

ይሄ ብቻ ቢሆን ባልተናደድኩ። አዲስ አበባ ላይ የሶማሌ ምግብ ሲነሳ «እነሱ እኮ ቅመም አያውቁም፤ ቀቅለው ነው የሚሰጡህ» የሚል አይጠፋም። ወዳጄ፣ አንተ ቅመም የምትለው በርበሬን ብቻ ነው። ከሙን፣ ድንብላል፣ ቁንዶ በርበሬ፣ ሄል፣ ቀረፋ፣ ቅርንፉድና እርድ የሚገቡበት ሐዋሽ የማን ይመስልሃል? ሩዙንም ወጡንም የሚያሸተው እሱ ነው። የተቀቀለው ሥጋ ላይ ሲደርሱ ጨው ይበቃዋል ብለው የሚተዉት አውቀው ነው።

ለምን ይበቃዋል? ከድሬዳዋ በስተ ምዕራብ፣ በድሮው የባቡር መስመር ላይ፣ በፍል ውኃዋ የምትታወቀው ኤረር አለች። የዚያ ቆላ በግ ራሱ ጥቁር፣ ገላው ነጭ፣ ላቱ ወፍራም ነው። ይህ ዝርያ ከአፍሪካ ቀንድ በመርከብ እየተጫነ ዓረብ አገር ድረስ ይሸጣል። እ.ኤ.አ. በ2000 ሳዑዲ ዓረቢያ በስምጥ ሸለቆ ትኩሳት ምክንያት ከቀንዱ የሚገባውን የቁም ከብት ስታግድ አርብቶ አደሩ ለዓመታት ተጎድቷል። ባሕር ማዶ ያለው ሰው የሚፈልገውን በግ እኛ እዚህ አዋዜ ውስጥ እንቀብረዋለን።

«የበግ ሥጋ ይሸታል፤ ቅመሙ ለዚያ ነው» ትሉኝ ይሆናል። ሽታው በብዛት ያለው ስቡ ውስጥ ነው። ላዩ ላይ በርበሬ ብትነሰንሱበት የትም አይሄድም። የበዛውን ስብ ቆርጣችሁ አውጡ፤ የቀረውን በደንብ አቅልጡት። ያረጀ በግ ከሆነም ለጥብስ አታስጨንቁት። በጨውና በሄል ቀስ ብሎ ይቀቀል፣ መረቁ ሩዝ ይሥራበት።

ለወጣቱ በግ ግን እንዲህ ነው። ጎድኑን ሁለት ጣት ያህል አወፍራችሁ አስቆርጡ። ከመጥበሳችሁ 1 ሰዓት ቀደም ብላችሁ ጨው ብቻ እሹት፤ ጨው መጀመሪያ ውኃውን ያወጣል፣ ቆይቶ ሥጋው መልሶ ይመጠዋል። ላዩን አድርቁት፤ እርጥብ ሥጋ ይቀቀላል እንጂ አይጠበስም። መጥበሻው በደንብ ሲግል መጀመሪያ በስቡ በኩል አቁሙት፣ በራሱ ስብ ይጠበስ። ከዚያ በየጎኑ 3 ወይም 4 ደቂቃ። መሐሉ 63 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲደርስ አውጥታችሁ 5 ደቂቃ አሳርፉት። በርበሬና ነጭ ሽንኩርት በዚያ እሳት ላይ አርረው ይመራሉ፤ ስለዚህ አዋዜ የሚወድ ሰው በጎን ያጥቅስ።

በሚቀጥለው ስታዙ «አዋዜው ለብቻው ይምጣልን» በሉ። አስተናጋጁ ፊቱን ካጠቆረ ጠይቁት፦ ሥጋው ላይ የሚሸፈን ነገር አለ እንዴ?