ሰባተኛው ፍንዳታና የሴኡል ሥጋት

በእኛ አቈጣጠር ግንቦት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. ገና በማለዳው፣ ከ9 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ በሚኖርባት በሴኡል ከተማ የአደጋ ፊሽካ ጮኸ። ጥቂት ደቂቃም ሳይቈይ ሰው ሁሉ ለመሸሽ እንዲዘጋጅ፣ ሕፃናትና አረጋውያንም እንዲቀድሙ የሚያዝ የማዘጋጃ ቤት ማስታወቂያ በየስልኩ ደረሰ። ከምን እንደሚሸሽና ወዴት እንደሚሸሽ ግን አልተነገረውም። ከ22 ደቂቃ በኋላ የአገር ግዛት ሚኒስቴሩ ማስታወቂያው በስሕተት የወጣ መሆኑን ገለጠ። ሰሜን ኮሪያ በዚያ ጧት የተኮሰችው ሳተላይት የተጫነበት ሮኬት ነበር፤ እርሱም ባሕር ውስጥ ወደቀ።

በዚያች 22 ደቂቃ ውስጥ ልጁን ታቅፎ ደረጃ ለደረጃ የሮጠውን ሰው ፈሪ የሚለው ቢኖር፣ እርሱ ራሱ ነገሩን አላወቀውም። ፒዮንግያንግ ከ1999 እስከ 2009 ዓ.ም. ድረስ በፑንግዬሪ ተራሮች ሥር ስድስት ጊዜ የኑክሌር ቦምብ አፈንድታለች፤ የመጨረሻው ምድሪቱን እንደ ብርቱ የመሬት መንቀጥቀጥ አናወጣት። በ2010 ዓ.ም. የሙከራውን ዋሻዎች በጋዜጠኞች ፊት አፈረሰች ተባለ። በ2014 ዓ.ም. ደግሞ የዋሽንግተንና የሴኡል ሹማምንት ሰባተኛው ፍንዳታ ተቃርቧል እያሉ ደጋግመው ተናገሩ። ዓመቱ ፍንዳታው ሳይደረግ አለፈ፤ ሥጋቱ ግን አላለፈም።

ስለዚህ ክርክሬ ከፈራው ሕዝብ ጋር አይደለም። ክርክሬ ይህን ፍርሃት እንደ ሸቀጥ ይዘው፣ «እኛም የራሳችንን ቦምብ እንሥራ» እያሉ ከሚሰብኩት የሴኡል ፖለቲከኞች ጋር ነው። ገበያቸውም ደርቷል፤ በዚያው በ2014 ዓ.ም. በወጣ አንድ የሕዝብ አስተያየት ጥናት ከመቶ 71 የሚሆነው የደቡብ ኮሪያ ሰው አሳባቸውን ደግፏል። ዋና ምክንያታቸው፣ አሜሪካ ሴኡልን ለማዳን ስትል የራሷን ከተማ ለእሳት አትሰጥም የሚል ነው። ይህ ቃል በቀላሉ የሚናቅ አይደለም፤ በሰው ጋሻ የሚኖር ሰው ጋሻ ያዡን መጠራጠሩ ያለ ነው።

ይሁን እንጂ ቦምቡ ምን ያተርፍላቸዋል? ሕንድና ፓኪስታን በግንቦት ወር 1990 ዓ.ም. በየተራ አፈነዱ። የሁለቱም አደባባይ በደስታ ተሞላ። ዓመት ሳይሞላ በካርጊል ተራሮች ላይ ጦር ተማዘዙ፤ በመቶ የሚቈጠሩ ወጣቶችም እዚያው ቀሩ። ሁለት ጎረቤታሞች በሣር ጎጆ ሲኖሩ አንደኛው ችቦ ቢያበራ፣ ሌላውም ችቦ በማብራቱ ጣሪያው ከእሳት አይድንም። ሴኡል ከድንበሩ የምትርቀው 50 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው፤ ቦምቡ ከመሠራቱ አስቀድሞም የሰሜኑ መድፍ ይደርስባት ነበር። ከዚህም በላይ፣ ፒዮንግያንግ በ1995 ዓ.ም. የኑክሌር መሣሪያ እንዳይስፋፋ ከሚከለክለው ውል እወጣለሁ ስትል ሴኡል አውግዛታለች። ዛሬ ሰባኪዎቹ ሕዝባቸውን የሚመሩት በዚያው በር ነው።

ትልልቆቹ መንግሥታትም ቢሆኑ ከወቀሳ አያመልጡም። ማናቸውንም የኑክሌር ፍንዳታ የሚከለክለው ውል ለፊርማ የቀረበው በመስከረም ወር 1989 ዓ.ም. ነበር። አሜሪካና ቻይና ፈርመው አላጸደቁትም፤ ሩሲያ አጽድቃው የነበረውን በ2016 ዓ.ም. ሰረዘችው። እንዲህ ያለ ሰው ለፒዮንግያንግ «አታፈንጂ» ሲል በምን አንደበቱ ነው?

ነገሩ የሩቅ አገር ነው የሚል አንባቢ ቢኖር፣ ከ1943 ዓ.ም. ጀምሮ ወደዚያች ምድር ከዘመቱት የቃኘው ወታደሮች መካከል 121ዱ በዚያ መውደቃቸውን ያስታውስ። ኢትዮጵያ ውሉን በ1998 ዓ.ም. አጽድቃለች፤ በአዲስ አበባ አጠገብ በፉሪ የሚገኘው የመሬት መንቀጥቀጥ መመዝገቢያ ጣቢያም ፍንዳታን ለመከታተል በውሉ ከተመደቡት አንዱ ነው። ሰባተኛው ፍንዳታ ቢደረግ በልዩ ልዩ አገሮች ያሉት እንዲህ ያሉ መሣሪያዎች በደቂቃዎች ውስጥ ይመዘግቡታል። ወደ ተራራው መርማሪ መላክ ግን አይቻልም፤ ውሉ ገና አልጸናምና።