“ይዞታ” የሚለው ቃል በአግባቡ ይገለጽ

የኔዘርላንድ ሰዎች የመሬት ባለሀብትነትን በቋንቋቸው “ግሮንድቤዚት” ይሉታል። ቃሉ ጥምር ነው። “ግሮንድ” መሬት ወይም አፈር ማለት ሲሆን፣ “ቤዚት” የተገኘው “ዚተን” ማለትም መቀመጥ ከሚለው ግስ ነው። በቃሉ አመጣጥ መሠረት የመሬት ባለሀብት ማለት መሬቱ ላይ የተቀመጠ ሰው ነው።

የአገሪቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ግን መቀመጥን ከባለቤትነት ለይቶ ያያል። መሬትን የራሱ አድርጎ የያዘ አለ፤ ለሌላ ሰው የያዘ፣ ለምሳሌ ተከራይ፣ ደግሞ አለ። በቅን ልቦና የራሱ አድርጎ 10 ዓመት ሳይቋረጥ የያዘ ሰው ባለቤት ሊሆን ይችላል። ተከራይ ግን 30 ዓመት ቢያርስም በጊዜው ርዝመት ብቻ ባለቤት አይሆንም።

የእኛም ቃላት ታሪክ አላቸው። “ርስት” የመጣው “ወረሰ” ከሚለው ነው። የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ከሆነበት ከየካቲት 1967 ዓ.ም. አዋጅ ወዲህ በየጽሕፈት ቤቱ የገነነው “ያዘ” ከሚለው የወጣው “ይዞታ” ነው። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 40 የመሬት ባለቤትነት የመንግሥትና የሕዝብ መሆኑን፣ መሬት እንደማይሸጥና እንደማይለወጥ ደንግጓል።

ችግሩ ቃሉ በሁለት አቅጣጫ መጣመሙ ነው። “መሬቱ የመንግሥት ነው” በማለት ባለይዞታውን እንደ ተራ ተከራይ የሚያይ ባለሙያ አለ። ይህ ስህተት ነው። ባለይዞታ መሬቱን ማከራየት፣ ማውረስና በሕጉ መሠረት በስጦታ መስጠት ይችላል፤ በጉልበቱና በገንዘቡ ያፈራው ቋሚ ንብረትም የራሱ ነው። በሌላ በኩል ደብተር በእጁ ስላለ ብቻ ራሱን ባለቤት አድርጎ በስጦታ ወይም በኪራይ ስም ማሳውን የሚሸጥ አርሶ አደር አለ። ገዢ ነኝ ባዩ ገንዘቡን ከፍሎ መብት ሳያገኝ ይቀራል፤ ሻጩም በስተርጅናው ማሳ አልባ ይሆናል። የሁለቱም ልጆች ፍርድ ቤት ለፍርድ ቤት ይንከራተታሉ።

የወረዳ የመሬት አስተዳደር ባለሙያዎች ደብተር ሲያድሉ ፎቶና ፊርማ አሟልተው መመለስ አይበቃቸውም። ባለቤት፣ ባለይዞታና ተከራይ የሚሉትን ሦስት ቃላት በቀበሌው ስብሰባ ላይ በማሳ ምሳሌ ሊያስረዱ ይገባል። ማንበብ ለማይችሉ ባለይዞታዎችም የኪራይ ውሉ ከመፈረሙ በፊት፣ በተለይም የሚያበቃበት ቀን፣ በምስክር ፊት ጮክ ተብሎ ይነበብላቸው። የመኸር እርሻ ሳይጀመር ቢሆን ይመረጣል።