«ለንግድ ብቻ ነው የመጡት» የምትሉ እስኪ ስሙኝ

ሰሞኑን የጎሬን የድሮ ፎቶዎች እየለጠፋችሁ «ጎሬ እኮ ያኔ የእንግሊዝ ቆንስላ ነበራት፣ ባንክ ነበራት፣ ግሪኩም ሶርያዊውም ይነግድባት ነበር፤ ዛሬ ምን ቀራት?» ስትሉ እያነበብኩ ነው። ቁጭቱ ይገባኛል። የኢሉባቦር ዋና ከተማነት ወደኛ ወደ መቱ ሳይመጣ ጎሬ ጎሬ ነበረች። ያልተዋጠልኝ ከሥሩ የሚጻፈው አስተያየት ነው፦ «ሰዎቹ እኮ ነጋዴዎች፣ የቴሌግራፍና የመርከብ ሠራተኞች ነበሩ፤ ፖለቲካ ምን ያገባቸዋል?» ይህን ከጻፉት ውስጥ ታሪክ ያስተማርኳቸው ልጆችም አሉበት። ስለዚህ ዝም ማለት አልቻልኩም።

በዚያ ዘመን ሽቦ የሚዘረጋውና ዕቃ የሚጭነው ሰው ፖለቲካ የማያገባው ከሆነ፣ እስኪ ፋርስን እዩልኝ። ጆን ሪቻርድ ፕሪስ የሚባል እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. በ1860ዎቹ መጨረሻ የቴሌግራፍ ሠራተኛ ሆኖ ፋርስ ገባ። ሥራው ለንደንን ከሕንድ ጋር የሚያገናኘው መስመር እንዳይቋረጥ ማድረግ ነበር። በ1891 ግን ያው ሰው ኢስፋሃን ላይ የእንግሊዝ ቆንስል ሆኖ ተሾመ፤ በኋላም ቆንስል ጄኔራል ሆነ። ይህ ሹመት ዱብ ዕዳ አይደለም። ከሃያ ዓመት በላይ መንገዱን፣ ቋንቋውን፣ የየአገሩን ገዢ ጠባይ፣ ማን ከማን ጋር እንደተኳረፈ ያጠና ሰው ነው። ደመወዙን የከፈለው የሽቦ ሥራ ነው፤ ትምህርቱ ግን የቆንስል ትምህርት ነበር። ለሹመት የቀረው ወረቀቱ ብቻ ነበር ማለት ይቻላል።

«ያ ፋርስ ነው፤ እኛ ቅኝ አልተገዛንም» ትሉኝ ይሆናል። እሺ፣ ወደ ቤታችን እንምጣ። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. የተፈረመው የውጫሌ ውል አንቀጽ 17 ስለ ምን ነበር? ስለ መሬት አልነበረም። ቃላችንን ወደ አውሮፓ ነገሥታት ማን ያድርስልን የሚል ነበር። አማርኛው «ይቻላቸዋል» ሲል ጣልያንኛው ግዴታ አደረገው፤ ከዚያች አንድ ግስ ዐድዋ መጣ። ድል አደረግን፣ ተመስገን። ግን ከዐድዋ በኋላ ዐሥር ዓመት እንኳ ሳይሞላ ከአስመራ አዲስ አበባ የሚደርሰውን የቴሌግራፍ መስመር የዘረጋው ማነው? ጣልያን ነው። ጣቢያዎቹ ላይ ተቀምጠው ቴሌግራም የሚመቱትም የጣልያን ሠራተኞች ነበሩ። ቴሌግራም ደግሞ እንደ ደብዳቤ በሰም አይታሸግም፤ የሚመታው ሰው ሳያነበው አይሄድም። በጦር ሜዳ የተነፈጉትን የመልእክተኛነት ቦታ በሽቦ ተመልሰው ያዙት ብል ማን ይከሰኛል?

አሁን ወደ ባሮ እንውረድ። ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. በአፄ ምኒልክና በእንግሊዝ መካከል የተፈረመው ውል ባሮ ወንዝ ዳር፣ ኢታንግ አካባቢ፣ ከ400 ሄክታር የማይበልጥ፣ የወንዝ ዳርቻውም ከ2000 ሜትር የማያልፍ ቦታ ለሱዳን መንግሥት የንግድ ጣቢያ እንዲሆን አከራየ። ጋምቤላ ማለት ይህ ነው። ውሉ መሬቱ ለፖለቲካም ለጦርም ሥራ እንዳይውል በግልጽ ከልክሏል። አንቀጹ ያማረ ነበር። «በሬ ሆይ፣ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ» ማለት ይኸው ነው። መርከቡ በክረምት እየመጣ በቡሬ በኩል የወረደውን ቡናችንን ሲጭን፣ የሱዳን መንግሥት ሹም ደግሞ ፖሊሱን ይዞ እዚያው ተቀምጦ የአኙዋክንና የኑዌርን የድንበር ጉዳይ ይከታተል ነበር። ንግዱ በር ሆነ፤ በበሩ የገባው አስተዳደር ነበር። ላይ ጎሬ ደግሞ ቆንስሉ ተቀመጠ።

የዚህን ዋጋ የከፈልነው በ1928 ዓ.ም. ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ሚያዝያ 24 ቀን ከአዲስ አበባ ሲወጡ የቀረው መንግሥት ጎሬ ላይ ነበር፤ ቢትወደድ ወልደ ጻድቅ ነበሩ፣ ራስ እምሩም እንደራሴ ሆነው መጡ። በዚያው ሰሞን የወለጋ የኦሮሞ መሪዎች በበኩላቸው የምዕራብ ኦሮሞ ኮንፌዴሬሽን መሥርተው በእንግሊዝ ሞግዚትነት ሥር ለመሆን ጠየቁ። ጥያቄያቸው በማን በኩል ሄደ? ጎሬ በነበረው የእንግሊዝ ቆንስል በኤርስኪን በኩል። አስቡት እንግዲህ፤ በፖለቲካ ፍላጎት የማይገናኙ ሁለት ወገኖች ያንኑ የአንድ ባዕድ መንግሥት ሹም ደጅ ያያሉ። ከጎሬ ወደ ዓለም የሚያደርስ የራሳችን መንገድ አልነበረንማ! ለንደን ሞግዚትነቱን አልተቀበለችም። ጣልያን በኅዳር 1929 ጎሬ ገባ፤ ራስ እምሩ በታኅሣሥ እጅ ሰጡ። እንግሊዝም በ1931 ዓ.ም. የጣልያንን ወረራ በሕግ አወቀች። ኤርስኪን በግሉ ለምዕራቡ ሰው አዝኖ ሊሆን ይችላል። ግን ደመወዙን የሚከፍለው ማን ነበር? የምትተማመኑበት ሰው ደግ ይሁን አይሁን ሳይሆን ለማን እንደሚታዘዝ ነው መጠየቅ ያለባችሁ።

«ታዲያ ምኒልክ ስልኩን ባያስገቡ ይሻል ነበር?» የሚል አይጠፋም። በፍጹም! ሽቦውን ያስገቡት ደግ አደረጉ። የኔ ጠብ ከሽቦው ጋር አይደለም። ጠቤ «ሠራተኛ ነው፣ ፖለቲካ አያውቅም» ከሚለው የዋህነት ጋር ነው። ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል። ያው የጋምቤላ ውል ኪራዩ የሚጸናው ሱዳን በእንግሊዝና በግብፅ አስተዳደር ሥር እስካለች ድረስ ነው ይል ነበር። ስለዚህ ሱዳን በታኅሣሥ 1948 ዓ.ም. ነጻ ስትወጣ ውሉ ወደቀ፤ ጋምቤላም ያለ አንድ ጥይት ተመለሰች። ልብ በሉ፤ «ፖለቲካ የለበትም» የምትለዋ ያማረች አንቀጽ አልጠበቀችንም። የጠበቀችን መቼ እንደሚያበቃ የምትናገረዋ ደረቅ ሐረግ ናት።

ለምን ዛሬ አነሳዋለሁ? የዛሬው ሽቦ ያኔ ከነበረው ይበልጣልና ነው። ንግግራችን፣ ገንዘባችን፣ የመሬት ካርታችን፣ የሕመምተኛው መዝገብ ሳይቀር በሰው አገር ኮምፒውተር ላይ ይቀመጣል። ኩባንያ አይግባ አልልም፤ ይግባ። ግን ወጣቶቹ መሐንዲሶቻችንና የሕግ ባለሙያዎቻችን ሦስት ነገር ሳይጠይቁ አይፈርሙ፦ ቃሉን ማን ያነበዋል? ሠራተኛው ሲጨነቅ ለማን ይታዘዛል? ውሉስ መቼ ያበቃል?

የራሳችንን ታሪክ እንኳ ገና በሰው ሽቦ ነው የምንሰማው። ፕሮፌሰር ባሕሩ ዘውዴ የዚህን የምዕራብ ድንበር ታሪክ ለዶክትሬታቸው የጻፉት ለንደን ነው፤ መዝገቡ ያለው የቆንስሎቹ አለቆች ዘንድ ነዋ! የቆንስሉ ሪፖርት አለን፤ ለቆንስሉ ያስተረጎመው፣ ቡናውን በበቅሎ ያወረደው፣ ደብዳቤውን ያደረሰው የጎሬና የቡሬ ሰው ያለው ግን የለንም። መቱ ዩኒቨርሲቲ ከጎሬ ያለው ርቀት የአንድ ሰዓት መንገድ እንኳ አይሞላም። የታሪክ ተማሪዎች ቴፕ ይዛችሁ ውጡ። ፎቶውን ለጥፎ «ወይ ያ ዘመን» ከማለት የሽማግሌዎቹን ቃል መያዝ ይሻላል።

የማትስማሙ ካላችሁ ስድቡን ትታችሁ መረጃ ይዛችሁ ኑ፤ እኔ አለሁ።