ካርቶኑ የማይናገረው ሃርድ ዲስክ

የእህቴ ባል የሠርግ ቪዲዮ አንሺ ነው። ሙያው ቀን በካሜራ ሌሊት በኮምፒዩተር የሚሠራ በመሆኑ፣ የደንበኞቹን ፊልም የሚያኖርበት አራት ሃርድ ዲስክ የሚይዝ አነስተኛ ሰርቨር ሳሎኑ ጥግ ካስቀመጠ ዓመታት ተቆጥረዋል። ሰርቨሩ ከሥራው ሌላ ለልጆቹም ያገለግላል። ኢንተርኔት በሌለበት ሰዓት እንዲያነቡት ኪዊክስ የሚያዘጋጀውን የእንግሊዝኛ ዊኪፒዲያ፣ ወደ 100 ጊጋ ባይት የሚጠጋውን ማለት ነው፣ በቶረንት የሚያወርድላቸው እዚሁ ላይ ነው።

ሰሞኑን ደውሎ “ኢንተርኔቱ ሞቷል” አለኝ። ማውረዱ ሲጀምር ይሮጣል፤ ጥቂት ቆይቶ ያነክሳል፤ ከዚያም ቆሞ የቀረ ይመስላል። ወገኔ ችግሩን ከውጭ ሲፈልግ ከርሟል። ኬብል ቀየረ፣ አዲስ ራውተር ገዛ፣ የቴሌኮም ሠራተኛ አስጠራ። የቀረው ሰርቨሩን እንዳለ አውጥቶ ሌላ መግዛት ነበር። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብር አልፎ እንደነበር አንባቢ አይዘነጋውም። ዕቃው ደግሞ በዶላር የሚገባ ነው።

እኔም የኮምፒዩተር ሰው ባልሆንም አንድ ጥያቄ ጠየቅኩት። “ችግሩ ከመጀመሩ በፊት ምን ቀየርክ?” አልኩት። ትንሽ አሰበና፣ ከወራት በፊት ከአራቱ ዲስኮች አንዱ ተበላሽቶ ሌላ መተካቱን ነገረኝ። አዲሱ ቴራ ባይቱ እኩል፣ ዋጋው ግን ረከስ ያለ ነበር። ሻጩም “ጋሼ፣ ቴራው ያው ነው” ብሎታል። የሠሪውንም የሻጩንም ስም እዚህ አላነሳም።

ጉዳዩ ሁለት ፈርጅ አለው። አንደኛው የቶረንት የራሱ ጠባይ ነው። ብራም ኮኸን እ.ኤ.አ. በ2001 ባወጣው በዚህ ዘዴ ፋይሉ በትንንሹ ተቆራርጦ ከብዙ ሰዎች ይመጣል፤ ቅደም ተከተል የለውም፤ የመጨረሻው ቁራሽ ከመጀመሪያው ቀድሞ ሊደርስ ይችላል። አንድ ኩንታል እህል በአንድ ጊዜ ወደ ጎተራ መገልበጥና ያንኑ እህል በስኒ እየቀዱ በመቶ ማሰሮ መበተን እኩል ጊዜ አይወስዱም። የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ የሠርግ ፊልም ሲገለበጥለት በሰከንድ ከ100 ሜጋ ባይት በላይ ይጽፋል። ቦታ እያቀያየረ እንዲጽፍ ሲገደድ ግን በሰከንድ የሚደርስበት ቦታ ብዛት ከመቶ አይበልጥም። ቶረንት የሚቀባበለው በ16 ኪሎ ባይት ቁራሽ ስለሆነ፣ ፕሮግራሙ አጠራቅሞ ካልጻፈ በቀር መቶ ጊዜ 16 ሁለት ሜጋ ባይት እንኳ አይሞላም። አራቱ ዲስኮች ሬይድ 5 በሚባለው መንገድ ከተያያዙ ደግሞ ይብሳል። አንዲት ትንሽ ጽሑፍ አሮጌውን መረጃና ማመሳከሪያውን አንብቦ ሁለቱንም መልሶ መጻፍን፣ ማለትም አራት ሥራ ትጠይቃለች።

ይህ ሁሉ ግን ድሮም ነበር፤ የእህቴ ባል ሰርቨር ከዚያው ጋር እየተንገዳገደም ቢሆን ይሠራ ነበር። ወገቡን የሰበረው ሁለተኛው ፈርጅ፣ አዲሱ ዲስክ ነው። ሞዴሉን ስናጣራ ኤስ ኤም አር የሚባለው ዓይነት ሆኖ ተገኘ። በዚህ ዓይነት ዲስክ ላይ የመረጃ መስመሮቹ እንደ ጣራ ቆርቆሮ ጠርዝ በጠርዝ ተደራርበው ነው የሚጻፉት። ሠሪው በዚያው ስፋት ብዙ መረጃ ያሰፍርበታል፣ ዋጋውም ይረክሳል። ነገር ግን ከሥር ያለውን አንድ ቆርቆሮ ለመለወጥ የላዮቹን ሁሉ ማንሣት ግድ ነው። ዲስኩ መጤውን ለጊዜው የሚያሳርፍበት ቦታ ስላለው ሲጀምር ፈጣን ይመስላል። ያ ቦታ ሲሞላ ነው ጉዱ የሚወጣው። ዲስኩ ለማኅደር፣ አንዴ ተጽፎ ለሚቀመጥ ነገር፣ መጥፎ ዕቃ አይደለም። ለቶረንትና ለሬይድ ግን አይሆንም።

ይህን ገዢው በምን ያውቃል? እዚህ ላይ ነው ነገሩ የዚህ ገጽ ጉዳይ የሚሆነው። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2020 ዌስተርን ዲጂታል ለቤት ሰርቨር ብሎ በሚሸጠው “ሬድ” በተሰኘው ምርቱ ውስጥ፣ ከ2 እስከ 6 ቴራ ባይት ባሉት ላይ፣ ለገዢ ሳይገልጽ ኤስ ኤም አር መጠቀሙ ተጋልጦ አመነ። ሲጌትና ቶሺባም በአንዳንድ ዲስኮቻቸው ሳያሳውቁ ይህንኑ ማድረጋቸው በዚያው ሰሞን ታወቀ። ሰርቭ ዘ ሆም የተባለው መገምገሚያ ባደረገው ሙከራ፣ የተበላሸን ዲስክ በሌላ ተክቶ መረጃውን መልሶ ማደራጀት በተለመደው ዓይነት ከአንድ ቀን በታች ሲፈጅ በኤስ ኤም አሩ ከዘጠኝ ቀን በላይ ወስዷል። በእነዚያ ዘጠኝ ቀናት ሌላ ዲስክ ቢበላሽ የስንት ሙሽራ ሠርግ አብሮ ይጠፋል! ኩባንያው በአሜሪካ ከተከሰሰ በኋላ ከገዢዎች ጋር ተስማምቶ ጨርሷል፤ የምርቱንም ስም ለያይቶ፣ ተራውን “ሬድ” ለኤስ ኤም አር ትቶ “ሬድ ፕላስ” የሚለውን ለተለመደው፣ ለሲ ኤም አር፣ ሰጥቶታል።

ጆርጅ አከርሎፍ እ.ኤ.አ. በ1970 ስለ አሮጌ መኪና ገበያ በጻፈው ጥናት፣ ሻጭ የሚያውቀውን ገዢ ካላወቀ ጥሩው ዕቃ ከገበያ እንደሚወጣ አሳይቶ፣ በ2001 ለኖቤል ሽልማት ከበቁት አንዱ ሆኗል። በትምህርት ቤት ስንማረው ለፈተና ብቻ የሚያገለግል ይመስለን ነበር። ቅቤ ተራ የሄደ ሰው ግን ያለ አከርሎፍም ያውቀዋል። ሙዝ የተቀላቀለበትና ንጹሑ በአንድ ዋጋ ከተጠሩ ንጹሑን ይዞ የሚመጣ ገበሬ ምን በወጣው? የእኛው የዲስክ ገበያ ደግሞ ከዚህ የሚለይበት ነገር አለው፤ ብዙውን ጊዜ ሻጩም አያውቅም። ካርቶኑ ላይ ያለው ቴራ ባይትና የዋስትና ዘመን ነው። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ሸማቹ ስለሚገዛው ዕቃ ጥራትና ዓይነት በቂ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው ደንግጓል። እንግዲህ አንድ አስመጪ በዋጋ ዝርዝሩ ላይ ከሞዴሉ ቁጥር ጎን ሦስት ፊደል መጨመር ምን ያህል ወጪ ያስከትልበታል? ሞዴሉን ይዞ የሠሪውን ዝርዝር መመልከት ለአስመጪ የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው፤ በየቤቱ ኬብልና ራውተር ለሚያቀያይረው ገዢ ግን የወራት ነው።

የእህቴን ባል ሰርቨሩን ከመለወጥ አስጥለነዋል። ለጊዜው ቶረንቱ የሚወርደው ከአሮጌ ላፕቶፕ በተፈታ ኤስ ኤስ ዲ ላይ ነው። ኤስ ኤስ ዲ የሚሽከረከር ነገር ስለሌለው የቁራሽ መበታተን ብዙም አያስጨንቀው፤ ፋይሉ ሲያልቅ በአንድ ላይ ወደ ትልቁ ዲስክ ይገለበጣል። የዊኪፒዲያው ቅጂ ባለፈው ቅዳሜ ወርዶ አልቋል።

ዲስኩን ለመለወጥ ግን ወደ ሱቁ ተመልሰን ነበር። ሻጩ ትሑት ልጅ ነው፤ አልተከራከረም። ልዩነቱን ከፍለን ሌላ ሲያወጣልን የእህቴ ባል “ሲ ኤም አር መሆኑን ደረሰኙ ላይ ጻፍልኝ” አለው። ልጁ እስክሪብቶውን አቀበለውና “እንዴት ተብሎ እንደሚጻፍ እርስዎ ይጻፉት፣ እኔ እፈርማለሁ” አለ።