«ካምቢዮው ይውረድ» ከመባሉ በፊት

በሽተኛውን ሳይመረምር መድኃኒት የሚያዝ ሐኪም ቢኖር ሁላችንም እንደምንነቅፈው የታወቀ ነው። የመኪና ሕመም ሲሆን ግን ይኸው ልማድ ተቀባይነት አግኝቶ ይታያል። አውቶማቲክ ካምቢዮ ያለው አሮጌ መኪና ዳገት ላይ ሞተሩ እየጮኸ ጉልበቱ ለጎማው አልደርስ ሲል፥ ባለቤቱ ጋራዥ ገብቶ ብዙ ጊዜ የሚሰማው ፍርድ «ካምቢዮው ይውረድ» የሚል ነው። እኛ ግን ምርመራ ያልቀደመውን ፍርድ መቀበል አይገባም እንላለን።

መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከወሰነ ወዲህ፥ በእጅ ያለውን መኪና ጠብቆ መያዝ ከቀድሞው ይልቅ ዋጋ አለው። በወር ደመወዝ ለሚኖር ወጣት ሠራተኛ ደግሞ አንድ ካምቢዮ መለወጥ የብዙ ወራት ቍጠባ መጨረስ ነው።

የነገሩ ምሥጢር ከባድ አይደለም። በካምቢዮው ውስጥ ፓምፕ ዘይቱን ይገፋል፤ የተገፋውም ዘይት የፍሪሲዮን ዲስኮችን አጣብቆ ማርሹን ያስይዛል። እንግዲህ ግፊቱ ካነሰ ወይም ዲስኮቹ ካለቁ ሞተሩ ይዞራል፥ መኪናው ግን አይከተልም። ይህም መንሸራተት ይባላል።

ስለዚህ መጀመሪያ የሚጠየቀው ዘይቱ ነው። የካምቢዮ ዘይት እንደ ሞተር ዘይት እየተቃጠለ አያልቅምና፥ ጐደለ ማለት የሚያፈስበት ቦታ አለ ማለት ነው። መለኪያ ዘንግ ባላቸው በብዙዎቹ መኪናዎች ልኩ የሚታየው ሜዳ ላይ ቆሞ፥ ዘይቱ ሞቆ፥ ሞተሩ እየሠራ ነው፤ ከዚህ የተለየ የሚያዙም ስላሉ መመሪያውን ማንበብ ይገባል። ዘይቱ ጠቍሮ የተቃጠለ ከሸተተ ግን የዲስኮቹ ጤንነት ያጠራጥራል።

ከዚያ በኋላ መካኒኩ በኮምፒዩተር ይፈትሽ፤ ግፊቱንም በመለኪያ ይመልከት። በአንድ ማርሽ ብቻ የሚንሸራተት እንደ ሆነ ጥፋቱ የዚያ ማርሽ ዲስክ ወይም ሶሌኖይድ ሊሆን ይችላል፤ በሁሉም ከሆነ ዘይቱ፥ ፊልትሮው ወይም ፓምፑ ይጠረጠራል። በዘይት መሙላት፥ በፊልትሮ ወይም በአንድ ሶሌኖይድ የሚድነውን ካምቢዮ ማውረድ ገንዘብ ማባከን ነው። ዘይቱም «ሁሉም ቀይ ነው» ተብሎ አይጨመርም፤ ቶዮታ እንኳ ቲ-ፎር እና ደብልዩ ኤስ የተባሉ የተለያዩ ዘይቶችን ለተለያዩ ካምቢዮዎቹ ያዛል።

በአንጻሩ ዲስኩ ያለቀበትን ካምቢዮ አዲስ ዘይት አያድነውም። ያን ጊዜ መውረዱ ግድ ነው። ችላ ብሎ መንዳት ሙቀትን ያበዛል፤ ሙቀቱም የቀረውን ይጨርሳል። መስቀለኛ መንገድ ላይ ጉልበት የከዳው መኪና ደግሞ ለሰው ሕይወትም ያሰጋል።

ጥፋቱን ሁሉ በመካኒኩ ላይ መጫን ግን ፍትሕ አይደለም። ባለመኪናው ለማውረድና ለመግጠም እንጂ ለመመርመር መክፈልን እንደ ኪሳራ ሲቈጥረው፥ መካኒኩ እንጀራውን በሚያገኝበት በኩል ቢፈርድ ምን ያስደንቃል? ስለዚህ የምርመራው ዋጋ ለብቻው ይከፈል፤ መካኒኩም ያየውን በጽሑፍ አስፍሮ ይስጥ። «ይውረድ» ከተባለም «በምን ምክንያት?» ብሎ መጠየቅ የባለቤቱ መብት ነው፤ ሥራውን የሚያውቅ መካኒክም በዚህ ጥያቄ አይቀየምም።