ሰርቨሩ «አይቻልም» ሲል ጥበቃው ለምን ይጠፋል?

በመንዝ ጓሳ የሣር ምድር፣ የጋራ መሬቱን በሚያስተዳድረው ባህላዊው የቄሮ ሥርዓት ዘመን ድርሻ ያለው ሰው እንኳ እንዳሻው ገብቶ ሣር አያጭድም ነበር። ሥፍራው ለዓመታት ሲዘጋ ክልከላው ባለመብቱንም ይይዝ ነበር። ከ1967ቱ የመሬት አዋጅ በኋላ ሥርዓቱ ሲፈርስ ጓሳው ለልቅ ግጦሽና አጨዳ ተጋለጠ፤ ኋላ ሕዝቡ ራሱ ደንብ አውጥቶ ጥበቃውን መለሰው።

በሊኑክስ ሰርቨር ላይ ያለው ኤስኢሊኑክስም የዚህ ዓይነት ደንብ ነው። በተለመደው አሠራር የፋይሉ ባለቤት ለፈለገው ይፈቅዳል፤ ኤስኢሊኑክስ ግን የባለቤቱ ፈቃድ ቢኖርም ፕሮግራሙ ከተመደበለት ውጭ እንዳይነካ ያግዳል። የአሜሪካ ብሔራዊ ደኅንነት ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ2000 ይፋ ያደረገው ሲሆን፣ በ2003 ከሊኑክስ 2.6 ጋር ተካቷል። ረድ ሃት ላይ ሲጫን ጀምሮ በርቶ ይመጣል። ኡቡንቱ ላይ ተመሳሳዩን ሥራ አፕአርሞር ይሠራል።

ችግሩ የሚጀምረው ከትንሽ ነገር ነው። ባለሙያው የድረ ገጹን ፋይሎች ከራሱ ማኅደር በ«ኤምቪ» ትእዛዝ ወደ ዌብ ሰርቨሩ ያዛውራል። ፋይሎቹ ኤስኢሊኑክስ የሰጣቸውን የቀድሞ መለያ ይዘው ስለሚሄዱ ድረ ገጹ 403 ብሎ እንቢ ይላል። «ሪስቶርኮን» የተባለው አንድ ትእዛዝ መለያውን ያስተካክለው ነበር። ሥራው ስላስቸኮለ ግን ጥበቃው እንዳለ ይጠፋል፤ መልሶ የሚያበራውም አይገኝም።

ይህ ቀላል ጥፋት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2019 ኮንቴይነሮችን በሚያስኬደው «ራንሲ» በተባለው ሶፍትዌር ላይ የተገኘው ክፍተት ከኮንቴይነር አምልጦ ሰርቨሩን ለመቆጣጠር ያስችል ነበር፤ ኤስኢሊኑክስ በርቶ በነበረባቸው የረድ ሃት ሰርቨሮች ላይ ግን ጥቃቱ ይታገድ ነበር።

ደንቡ በእርግጥ ሥራ ሲያደናቅፍ «ፐርሚሲቭ» የሚባል ሁኔታ አለ፤ ሳያግድ፣ ሊያግድ የነበረውን ይመዘግባል። መዝገቡን አንብቦ የጎደለውን ፈቃድ ብቻ መጨመር፣ ከዚያም ወደሚያግደው ሁኔታ፣ ወደ «ኤንፎርሲንግ»፣ መመለስ ነው። አንዴ ሙሉ በሙሉ ከጠፋ ግን ለመመለስ ለሰርቨሩ ፋይሎች በሙሉ እንደገና መለያ መስጠት ያስፈልጋል።

የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የሰው መረጃ የያዘ ተቋም ተገቢውን የቴክኒክ ጥበቃ እንዲያደርግ ያስገድዳል። ስለዚህ የተቋም ኃላፊዎች ኤስኢሊኑክስ ያለበትን ሰርቨር ሲረከቡ «ጌትኤንፎርስ» የሚለውን ትእዛዝ አስጽፈው መልሱን በዓይናቸው ይዩ፤ «ዲሴብልድ» ካለ፣ ምክንያቱ በጽሑፍ እስኪቀርብ ርክክቡን አይፈርሙ።